በክንዴ የለካሁት ኩሽኔታ

ይህን የምጽፈው ልጆቼ እንዲያነቡት አይደለም። እንደሚያነቡት ግን አውቃለሁ። ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ማንበብ የለመደ ልጅ ደግሞ የተከለከለውን ያስቀድማል። በቤቴ ሕግ አለ። ሳይለኩ መቁረጥ የለም። የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት የለም። የወደቀ ብረት አይቶ ማለፍ የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሲጣስ የምቆጣውም እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማን እንደጣሳቸው ደግሞ አሁን ታነባላችሁ።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ነው።

ደገኛ ሰው የሮቢትን ቀትር አያውቀውም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ሰው ዓይኑን ሳይከድን ይተኛል። ሸማ የሚለካው ነጋዴ ክንዱን አየር ላይ ይረሳዋል፤ ገዢውም እየጠበቀ ያልማል። እኔ ራሴ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ድንበር ስጨቃጨቅ ሁለታችንንም እንቅልፍ ወስዶን፣ ስንነቃ ማን ምን እንዳለ ስለጠፋን ታርቀን ተለያይተናል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። በላዩ የሚያልፉት ግመሎች እግራቸው አይታይም፤ እንደ ጀልባ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። ጥጥ በሚለቀምበት ወራትማ ብናኙ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አይወርድም፣ አይወጣም። እዚያ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ሕልሙንና የሆነውን የሚለየው ማታ፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው።

ጣልያን መንገዱን እየጠረገ መጥቶ በሮቢ ወንዝ ዳር ካምፕ ሠራ። በካምፑ ውስጥ አንድ የመብራት ሞተር አቆመ። ቀን ለጋራዡ መጋዝ፣ ማታ ለመብራት ይሠራል። መብራቱ የእነሱ ነበር፤ ከሽቦው አጥር አይወጣም። ድምፁ ግን የሁላችን ሆነ። እምምም ይላል፣ ሳያቋርጥ፤ ከምድር በታች አንድ ትልቅ የንብ ቀፎ የተቀበረ ይመስላል። ሕፃናት ያለ እሱ አንተኛም አሉ። አሮጊቶች ያለ እሱ ጥጣቸው እየተበጠሰ አስቸገራቸው። እኔ ልጆቼን ሰብስቤ፣ ይህ የጠላት ድምፅ ነው፣ ጆሯችሁን አትስጡት ብዬ ገሠጽኩ። ገሥጬ ሳበቃ እዚያው ወንበሬ ላይ በዚያው ድምፅ አንቀላፋሁ።

ጎረቤቴ ጡሃ ይባላል፤ የአርጎባ ሰው ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ሥራው ሰሊጥ መጭመቅ ነበር። አንዲት ግመል ዓይኗን ተሸፍና ግንዱን ታዞራለች፣ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ ከመጣ ወዲህ ግመሏ እግሯን በእሱ ዜማ ታነሳ ጀመር። ጡሃ ስለሚዞር ነገር ብዙ ስለሚያውቅ የካምፑ መካኒክ ጠርቶ ሞተሩን እንዲጠብቅ፣ ናፍጣ እንዲሞላ፣ ግራሶ እንዲቀባ አደረገው። መጭመቂያው ለሚስቱ ለዘሃራና ለግመሏ ቀረ።

አንድ ቀን በቀትር ዐውሎ ነፋስ ተነሳ። አሸዋውን እንደ ምሰሶ አቁሞ በሜዳው ላይ እየተሽከረከረ መጣና ካምፑን አቋርጦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸና ዝም አለ።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከተማው በሙሉ ነቃ። ሕፃናት አለቀሱ። የጡሃ ግመል አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆመች። እኔ ለልጆቼ ስለ ትዕግሥት እየተናገርኩ ነበር፤ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ልጄ ብዙነሽ፣ «ስለ ትዕግሥት መጨረሻ ነበር፣ አባዬ» አለችኝ። መጨረሻው እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ ዘሃራ መጣች። በራፉ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ጋሼ፣ ጡሃን አሰሩብኝ።»

«ስለ ምን?»

«ሆን ብለህ አሸዋ ጨምረህበታል ብለው። ኖራ የሚያስቀምጡበት ቤት ውስጥ ነው። ሞተሩ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ሲበርድ በካሚዮን ወደ ደሴ ነው የሚወስዱት።»

በዚያ ካሚዮን የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ሮቢት ውስጥ አልነበረም፤ ተመልሶ የነገረን የለማ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዘሃራ» አልኳት።

«አላህስ ያውቃል። የብረቱን ነገር የሚያውቁት ግን ጋሼ ናቸው ብዬ ለአስተርጓሚው ነግሬዋለሁ። ነገ በቀትር ይጠብቁዎታል።»

ብረት ያውቃል የሚለውን ዝና የዘራሁት እኔው ነኝ። አንዲት የግድግዳ ሰዓት ነበረችኝ፤ ስትቆም ፈታታኋት፣ መልሼ ገጠምኳት። ከውስጧ ጥቂት ብረቶች ተረፉኝ። ትርፍ ናቸው፣ ፈረንጅ አብዝቶ ነው የሚሠራው አልኩ። ሰዓቷ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች። ሰው የሚያየው ጠዋት ስለሆነ ዝናዬ ወጣ።

ዘሃራ ስትሄድ ሚስቴ አስካለ የሰሊጥ ዘይት ወደ ድስቷ እየቀዳች፣ «የተሰበረው ምኑ ነው?» አለችኝ።

«ኩሽኔታው ነው ይላሉ።»

«ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ያውቁታል?»

«ከማወቅም በላይ።»

«ከማወቅ በላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች። አልመለስኩላትም። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቅ መቆጣት ደንብ ነበር፤ እኔ ግን ሐቀኛ ሰው ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

በማግስቱ በቀትር ካምፑ ገባሁ። መካኒኩን ባለ መነጽሩ እንለው ነበር። ወባ ጥሎታል። ሰው በሚጠበስበት ሙቀት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሊነሳ ቢችል ኖሮ እኔን ባልፈለገኝ። ከአልጋው ሥር የሞተውን ኩሽኔታ አወጣና አሳየኝ። ለማያውቅ ሰው ልግለጸው፤ ያኔ የማያውቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ድርብ የብረት ቀለበት ነው። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል እንደ አተር የሚያህሉ የብረት ኳሶች ይሮጣሉ። የሞተሩ ዘንግ በውስጡ ያልፋል፣ በእሱም ላይ ይዞራል። የእኛው ኳሶቹ ተቆራርሰው፣ አሸዋ ጠጥቶ ነበር።

«ከደሴ የተላከው መለዋወጫ መንገድ ላይ አርበኞች እጅ ገብቷል» አለ አስተርጓሚው። «ባለ መነጽሩ፣ ይህን የሚያክል ፈልገህ አምጣ ይላል።»

«ይህንኑ ይዤ ልሂድና ላመሳስለው።»

«አይሆንም። አዛዡ ማስረጃ ነው ብሎታል። ለካው።»

«በምን?»

ባለ መነጽሩ ትራሱ ሥር አንዲት የብረት መለኪያ ነበረችው፤ ዓይኔ ስታርፍባት ወደ ራሱ ሳባት። ያን ጊዜ ነው ጥበብ የመሰለኝ ነገር የመጣልኝ። ሰው መለኪያ ይጥላል፤ ክንዱን የጣለ ግን አላየሁም። አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ አጥፌ እጄን በኩሽኔታው ቀዳዳ አሾለክሁት። የጣቶቼን አንጓ ጨረፍ አድርጎ አለፈና የእጄ አንጓ አጥንት ላይ ተቀመጠ። ወርዱን በስንዝሬ፣ ውፍረቱን በአውራ ጣቴ ለካሁ። አወጣሁት።

«ያዝኩት» አልኩ።

ባለ መነጽሩ እጄንም ፊቴንም አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አንድ ቃል ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«እናቱን ጠራ።»

ልወጣ ስል ግን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ምክር ላከልኝ። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ተረጎመው፤ «ስታሽከረክረው የሚናገረውን ተወው። ዝም የሚለውን አምጣ።»

በይፋት ምድር የወደቀ ብረት ሁሉ መጨረሻው አሊዩ አምባ ነው። ካሚዮን ገደል ቢገባ ነጂው ሳይወጣ ጎማው አሊዩ አምባ ገበያ ይደርሳል ይባላል። በቅሎዬን ጣልያን ወስዷት ስለነበር በእግሬ ተነሳሁ። ያን ሜዳ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከራሱ ጋር ይተኛል። እግሬ ይሄዳል፣ እኔ አልነበርኩም። የሮቃ ዛፎች ከሩቅ እንደ ሰው ቆመው ይጠብቁኛል፤ ስደርስ ዛፍ ይሆናሉ። አንድ ነገር ጎድሎብኝ ጎድሎብኝ፣ ምን እንደሆነ ሳስብ ቆይቼ፣ ለካስ የሞተሩን ድምፅ ራሴው እምምም እያልኩ ነው የምሄደው። የጠላት ድምፅ ነው ያልኩትን ሳንጎራጉር በዚያ ሜዳ ላይ የሰማኝ ሰው ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሐሙስ ማታ አሊዩ አምባ ገባሁ፤ ገበያው በነጋታው ማለዳ ቆመ። አሊዩ አምባ ጠዋት ብርድ አለው። የአንኮበር ተራራ ሌሊቱን ያጠራቀመውን ነፋስ ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ይለቀዋል። ሰው በነጠላው ተሸፋፍኖ፣ ግመሉ አፉ እየጨሰ ይቆማል። ከጨውና ከጥጥ ተራ አልፎ አንድ ሽማግሌ የብረት ቁርጥራጭ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኩሽኔታ አላችሁ ወይ ብል አልገባቸውም። እጄን አጥፌ ክብ ሠርቼ ሳሳያቸው፣ «የመኪና አምባር» አሉና ሳቁ።

የይፋት ሰው የመኪናን አጥንት ሥራ አያስፈታውም። አንዱ ኩሽኔታ የሽማግሌው የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ነበር። አንዱ ከኋላቸው በተኛችው ግመል አንገት ላይ በቃጭል ፈንታ ተንጠልጥሏል። አንዱ ደግሞ የውሃ ቅላቸው እንዳይንከባለል ከሥሩ ተነጥፏል።

እኔ እንግዲህ ኩሽኔታ መርጬ አላውቅም። ግመል ሲመረጥ ግን አይቻለሁ፤ ብልህ ሰው ደግሞ የሚጀምረው ከሚያውቀው ነው። የሚዛኑን አንስቼ በቀለበቶቹ መካከል አጮለቅሁ።

«ምን ትሠራለህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ጥርሱን አያለሁ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና ወጣት ነው።»

«ወጣት ግመል ቂም ይይዛል፤ ተጠንቀቀው።»

አሽከረከርኩት። ቆሎ የሚቆረጥም ሽማግሌ ይመስል ነበር፤ ተውኩት። የግመሏን ልፈታ ስል ግመሏ ቀና ብላ ፊቴ ላይ ተፋች።

«እሱን ካወለቅህባት አትራመድም» አሉ ሽማግሌው። «ድምፁን ለምዳለች።»

ይህን ነገር እኔ በደንብ ስለማውቀው አልተከራከርኩም። ግመሏ አንገት ላይ እንዳለ በጣቴ አዞርኩት፤ እንደ ሰርግ ቤት ተንጫጫ። እሱንም ተውኩት።

ሦስተኛውን ከቅሉ ሥር አወጡልኝ። በጣቴ ገፋ አድርጌ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት። ምንም የለም። ይዞራል፤ ግን ምንም የለም። በዚያ ምንም ውስጥ የሮቢን ወንዝ ሰማሁ። ልጆቼ በጥላ ሥር ተኝተው ሲተነፍሱ ሰማሁ። ጡሃ በአጥሩ ላይ ሆኖ፣ «ነጋ እንዴ፣ አንተ ሰው» ሲለኝ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሽማግሌው አፍጥጠውብኛል።

«ተኛህ እንዴ?»

«እየመረጥኩ ነው።»

አውራ ጣቴን አጠፍኩና እጄን አስገባሁ። የጣቶቼን አንጓ ጨረፍ አደረገኝ፣ አለፈ፣ አጥንቱ ላይ ተቀመጠ። ልክ እንደ ካምፑ። እንባ መጣብኝ፤ ሰው ትክክል ሲሆን ደስ ይላል። በቢላዬ ለወጥኩት።

«ክንድህ ላይ አድርገህ ልትሄድ ነው?»

«ከክንድ የተሻለ ስልቻ የለም። አይቀደድም፣ አይሰረቅም።»

«ወላሂ፣ እውነትህን ነው» አሉ ሽማግሌው ቢላውን በአውራ ጣታቸው እየሞከሩ። «ስልቻ ግን ሲፈልጉት ይፈታል።»

ቁልቁል ስወርድ ቆላው ቀስ እያለ ወደ ላይ መጥቶ ተቀበለኝ። ነጠላዬን አወለቅሁ። ነፋሱ ቆመ። አንድ ሰዓት ከሄድኩ በኋላ ክንዴ ከበደኝ፤ ብረት ነውና አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ተሰማኝ። አየኋቸው። የእኔ አልመሰሉኝም። ከኩሽኔታው በታች ያለው እጄ ዱባ ሆኗል። ላወልቀው ሞከርኩ፤ አልወልቅም አለ። ወንዝ ሳገኝ ነከርኩት፤ ውሃውም እንደ ሾርባ ሞቅ ያለ ነበር። በጥርሴ ሳብኩት። ሁለት የጥጥ ለቃሚዎች ከሩቅ ቆመው፣ አንድ ትልቅ ሰው የገዛ ክንዱን ሲበላ እያዩ አማተቡ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ስሻገር ጠመንጃ ከነጎፈሬው ከድንጋይ ኋላ ብቅ አለ። አርበኞች ናቸው። አለቃቸው ረጅም፣ ጸጉሩን ያልተቆረጠ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ክንድህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ኩሽኔታ ነው፣ ጌታዬ።»

«የማን?»

ልዋሽ እችል ነበር። ግን አሥር ዓመት ሙሉ ልጆቼን አትዋሹ ያልኩበት አፍ አልታዘዝ አለኝ። «የጣልያን ሞተር ነው። የሰው ነፍስ ግን ይዞብኛል» ብዬ የጡሃን ነገር ከነኖራ ቤቱ፣ ከነካሚዮኑ ነገርኳቸው።

አለቃው እስክጨርስ ሰማኝና፣ «በዚያ መብራት የምንታየው እኛ ነን» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ትወስድለታለህ?»

«ጡሃ ከወጣ በኋላ እኔን ያድርጉኝ የፈለጉትን።»

ለሁለቱ ሰዎቹ ምልክት ሰጠ፤ ብረቱን ሊወስዱብኝ ያዙት። አንዱ ክንዴን፣ አንዱ ብረቱን ይዞ ሳቡ። እኔ በመካከል ወዲህና ወዲያ ተጓዝኩ። ብረቱ አልነቃነቅም አለ። አለቃው ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው።

«ተዉት» አለ። «ይህ ሰው ራሱን አስሮ ወደ አሳሪዎቹ እየሄደ ነው። በምን እንቀጣዋለን?» ከዚያ ሳቁን አቆመና ጠራኝ። «የጡሃን ዘይት ብዙ ቀን በልተናል። ይውጣ። ሲወጣ ግን እንዲህ በለው፤ ሞተርም እንደ ሰው ጾም ያስፈልገዋል። የሚጾምበትን ቀን እኛ እንልክበታለን።»

ቅዳሜ በቀትር ካምፑ በር ደረስኩ። ዘበኛው ክንዴን አየና ጠመንጃውን ደቀነብኝ። እግረ ሙቅ ሰብሮ ያመለጠ እስረኛ መስዬዋለሁ፤ እጁን ግን ገና ያልፈታ። አስተርጓሚው መጥቶ እስኪያስለቅቀኝ ፀሐይ ላይ ቆምኩ፤ ያም ለክንዴ አልበጀውም። ካሚዮኑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጆንያ ይጭኑበታል። ጡሃ በኖራ ቤቱ በራፍ ተቀምጧል። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ጥቁር ነው። መንፈስ መሰለኝ።

«አንተንም አሰሩህ?» አለኝ።

«የለም፤ በገዛ እጄ ነው።»

«እንደዚያማ ከሆነ የእኔ ይሻላል» አለ ጡሃ። ሊስቅ ሞከረና ዓይኑ ወደ ካሚዮኑ ሄደ።

ባለ መነጽሩ ተደግፎ ቀና አለ። መለኪያውን አውጥቶ ክንዴ ላይ እንዳለ ለካው። የሞተውንም ለካው። ደግሞ የእኔን። አስተርጓሚው የተናገረውን ለመተርጎም ትንሽ አመነታ።

«ትንሽ ነው» አለ። «በጥቂት። ግን ዘንጉ አይገባበትም።»

 እዚያው ቆሜ ነው የገባኝ። የሞተውን ኩሽኔታ የለካሁት በሮቢት ቀትር፣ ባበጠ እጅ ነው። የተካውን የመረጥኩት በአሊዩ አምባ ጠዋት፣ ብርድ ባከሳው እጅ ነው። ሁለቱም ልክ ገቡ፤ ሁለቱም ላይ ተደሰትኩ። መለኪያዬ አልጠፋም፤ ከእኔ ጋር ነበር። እንደ እኔው ሲያብጥና ሲከሳ ነው የከረመው።

«ፀሐይ ሲበርድ ካሚዮኑ ይሄዳል» አለ አስተርጓሚው በዝግታ።

ወደ ቤቴ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ዘሃራና አስካለ በራፍ ላይ ነበሩ። ዘሃራ ነገሩን ከፊቴ አነበበችው። ከዚያ ክንዴን አየች። እሷ በመንደሩ ለሙሽራ አምባር የምታስገባና የምታወልቅ ናት፤ እጅ ታውቃለች።

«ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ይህ እጅ ይሞታል። አስካለ፣ ክርና ዘይት አምጪ።»

«ተዪኝ። ለጡሃ ያልጠቀመ እጅ ይሙት።»

«ጡሃ ሲመጣ በምን ሊጨብጥዎ ነው?» አለች። 

አስካለ የዘይት ማድጋዋን ልታመጣ ጓዳ ገባች። ከባድ ስለሆነች አቅፋ አነሳቻት። ከማድጋዋ ሥር፣ መሬት ላይ፣ በዘይት የጠገበ አንድ ክብ ነገር ቀረ። ከበሩ የገባው የፀሐይ ጨረር አርፎበት እንደ ዓሣ ዓይን አብለጨለጨ።

«እሱ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የማድጋዬ ማስቀመጫ ነው።»

«ከየት አመጣሽው?»

«አንቱ ነዎት ያመጡት። መንገዱ ሲሠራ፣ ገደል ከገባው ካሚዮን። 'የወደቀ ብረት አይታለፍም' አሉ። ምን ይሠራል ብልዎ 'አንድ ቀን' አሉኝ። ቀኑ እስኪደርስ ማድጋ አስቀመጥኩበት።»

ተንበረከክሁ። ያላበጠውን እጄን አውራ ጣቱን አጥፌ ዘረጋሁ።

«እጅዎን እንዳያስገቡበት» አሉ ሁለቱም ሴቶች በአንድ አፍ፤ ሳይጮኹ፣ እሳት ለሚነካ ሕፃን እንደሚባለው።

ዘሃራ አንስታ ክንዴ ላይ ካለው ጋር ገጠመችው። በጥቂት ይበልጣል። አስካለ በቀሚሷ ጫፍ አብሳ በጣቷ ገፋችው። ዞረ። ዞረ። ማናችንም ምንም አልሰማንም። ያን ያህል ዘመን ያፈሰሰችበት የጡሃ ሰሊጥ ዘይት ከዝገትም ከአሸዋም ጠብቆታል። የእኔን እጅ አላመነችም፤ አስካለ ራሷ በነጠላዋ ቋጥራ ያዘችው።

ሦስታችን ወደ ካምፑ ሮጥን። ሮቢት ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው የለም፤ ከተማው ያየን በሕልሙ ነው የመሰለው። ባለ መነጽሩ ለካው። ደግሞ ለካው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ምን ቅባት ነው ይላል?» አለ አስተርጓሚው።

«ሰሊጥ» አለች አስካለ።

ባለ መነጽሩ ሊቆም ስላልቻለ ጡሃን ከኖራ ቤት አስመጡት። በኖራ የነጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ጠራረገ፣ ብረቱን አስገባ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ መታው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ዘሃራ በአጥሩ ውጭ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። የካሚዮኑ ሞተር ተነስቷል። ጡሃ እጀታውን አዞረ፤ የመብራቱ ሞተር አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ እምምም አለ።

ፀሐይ ስትበርድ ካሚዮኑ ጆንያ ብቻ ጭኖ ሄደ። ጡሃ በእግሩ ወጣ። ከቁልቋሉ ማዶ ግመሏ ያነሳችውን እግር አሳረፈችና ቀጣዩን አነሳች። ከተማው እንደገና ተኛ።

የእኔን ክንድ ዘሃራ በዚያው ምሽት በዘይትና በክር ፈታችው። ክሩን ከጣቴ ጀምራ ጠምጥማ ጠምጥማ፣ ቀስ አድርጋ ብረቱን በላዩ አሻገረችው። «አይንቀሳቀሱ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሙሽሮች እንኳ እንዲህ አላለቀሱም።» ጡሃ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያልታመመ እጄን ይዞልኝ ነበር። የአርበኛውን መልእክት በጆሮው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አንዳንድ ጊዜ ይጾማል፤ ባለ መነጽሩም ወባ እንደ ያዘው ሰው ሞተርም ያመዋል ብሎ አመነ። ልጄ ብዙነሽ ደግሞ ያን ምሽት ከጥግ ሆና፣ «አባዬ፣ ሳይለኩ መቁረጥ የለም ሲሉ፣ በምንድን ነው የሚለካው?» አለችኝ። ሂጂ ዳዊትሽን ድገሚ አልኳት።

ጣልያን የወጣ ጊዜ ሕዝቡ ካምፑን ወረረው። ቆርቆሮ የተሸከመ፣ ጎማ የሚያንከባልል፣ ጠመንጃ የወደቀለት አለ። አስካለ ጡሃን አስከትላ ሄደችና አንድ ነገር በነጠላዋ ቋጥራ ተመለሰች። «ማስቀመጫዬ ነው» አለች፤ ማድጋዋንም አንስታ ቦታዋ መለሰቻት።

አሁን ያ ማድጋ በአንድ ጣት ሲነኩት ይዞራል። ቀትር ላይ ድምፅ በሌለበት ከተማ ቁጭ ብዬ አዞረዋለሁ፤ ጥጡ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ግመሎቹ ሜዳው ላይ እንደተንሳፈፉ፣ ማድጋው ይዞራል፣ ምንም አይልም። አንድ ቀን ልጆቼን ሰብስቤ በማድጋው አስተማርኳቸው። ስትመርጡ፣ አልኳቸው፣ የሚናገረውን ተዉት፤ ዝም የሚለውን ውሰዱ። ብረትም ቢሆን፣ ግመልም ቢሆን፣ ጓደኛም ቢሆን። ብዙ ተናገርኩ።

አስካለ ጀርባዋን ሰጥታ ዘይት እየቀዳች ነበር።

«ይህን ምክር» አለች ሳትዞር፣ «እኔ የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው።»